ሾላ የምትበላዋ የሌሊት ወፍና የቀይ ባሕሩ ባለ አንድ ሕዋስ

በተማሪ ደብተር ላይ ሁለት ፍጥረታት ሲወዳደሩ ገጹ ለሁለት ይሰመርና በአንድ በኩል “ባለ አንድ ሕዋስ፣ ዝቅተኛ”፣ በሌላው በኩል “ባለ ብዙ ሕዋስ፣ ከፍተኛ” ተብሎ ይጻፋል። ተማሪው ሸምድዶ ፈተናውን ያልፋል፤ ስለ ሁለቱም ግን የጨበጠው ነገር የለም። ማን ይበልጣል የሚል ንጽጽር የትም አያደርስም። መጠየቅ ያለበት አንዱን ሥራ ሁለቱ እንዴት እንደሚወጡት ነው፤ መንገድ ማግኘትን፣ መብላትን፣ መጠለልን፣ መራባትን። እዚህ የማወዳድራቸው ሁለቱ እጅግ የተራራቁ ናቸው። ሆኖም ወሎ ላይ ተቀምጦ አንዷን በሕይወት፣ የሌላውን የጥንት ዘመዶች ደግሞ ድንጋይ ውስጥ ማየት ይቻላል። እንዴት እንደሚታዩ ወደ መጨረሻው እጽፋለሁ።

አንዷ የግብጽ የፍሬ የሌሊት ወፍ ናት፤ የሳይንስ ስሟ ሩሴተስ ኢጂፕቲያከስ። ክብደቷ ከ80 እስከ 170 ግራም ይደርሳል፤ ክንፏ ተዘርግቶ ሲለካ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሌላው አምፊስቴጂና ሎቢፌራ ነው፤ ፎራሚኒፌራ ከሚባሉት ቅርፊት ሠሪ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታት አንዱ። ጥልቀት በሌለው የቀይ ባሕር ውሃ ውስጥ ይኖራል። መላ አካሉ አንድ ሕዋስ ነው፤ ራሱ በሠራው የኖራ ቅርፊት ውስጥ ይቀመጣል፤ ስፋቱም 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ለአንድ ሕዋስ ግዙፍ መጠን ነው፤ ያለ ምንም መሣሪያ በዓይን ይታያል።

ሁለቱም ሊቃውንትን አሳስተዋል። ስዊድናዊው የተፈጥሮ ሊቅ ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ባሳተመው ምደባ የሌሊት ወፎችን ከሰውና ከዝንጀሮ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አስገብቷቸው ነበር። ፈረንሳዊው ዶርቢኚ ደግሞ በ1826 የፎራሚኒፌራን ጥምዝ ቅርፊት አይቶ ከኦክቶፐስ ወገን ቆጠራቸው። በ1835 የአገሩ ልጅ ዱዣርዳን ሕያዎቹን በማይክሮስኮፕ መርምሮ ውስጣቸው ሆድ፣ ጡንቻም ሆነ ሌላ የአካል ክፍል እንደሌለ አሳየ። እኛም ዘንድ የሌሊት ወፍ ወፎች ግብር ሲሏት አይጥ ነኝ፣ አይጦች ሲሏት ወፍ ነኝ ትላለች እየተባለ ይተረታል። አጥቢ ናት፤ ልጇን ጡት ታጠባለች፤ ጉዳዩ እዚህ ላይ ይዘጋል።

መንገድ ማግኘት

የሌሊት ወፍ ዕውር ናት የሚለው አነጋገር ለየትኛዋም አይሠራም፤ ለዚህችኛዋማ ጭራሽ አይሆንም። ዓይኗ ትልቅ ነው፤ በደብዛዛ ብርሃን አጥርታ ታያለች። ችግሩ ዋሻ ውስጥ ነው፤ እዚያ ብርሃን ጨርሶ የለምና ዓይን አያግዝም። ስለዚህ በምላሷ ቲክ ቲክ እያደረገች የገደል ማሚቶውን ታዳምጣለች። ነፍሳት የሚበሉት የሌሊት ወፎች ድምፁን የሚያወጡት ከጉሮሯቸው ሲሆን፣ አብዛኛው ከ20 ኪሎኸርዝ በላይ ስለሆነ የሰው ጆሮ አይሰማውም። የዚህችን ድምፅ ግን በከፊል እንሰማዋለን፤ አጭርና ደረቅ ነው። አብዛኞቹ ሌሎች ፍሬ በል የሌሊት ወፎች ይህ ችሎታ የላቸውም።

ድምፁ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይወጣል። እያንዳንዱ ቲክታ ከአንድ ሚሊ ሰከንድ በታች ይቆያል፤ በአንድ ጥንድ ሁለት ቲክታዎች መካከል ያለው ጊዜ 20 ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ይጓዛል ብለን እናስላ። 1.7 ሜትር የራቀ ቅርንጫፍ ላይ ደርሶ ለመመለስ 3.4 ሜትር መጓዝ አለበት፤ ይህ 10 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል። ማሚቶው የሚደርሳት ሁለተኛውን ቲክታ ሳታሰማ ነው ማለት ነው። የቅርንጫፉን ርቀት የምታውቀው በዚህ የጊዜ ልዩነት ነው።

ከሁሉ የሚገርመው አቅጣጫው ነው። ከጥንዶቹ አንዱን ወደ ግራ፣ ሌላውን ወደ ቀኝ ትልካለች፤ ፍሬው ግን መሃል ላይ ነው ያለው። እ.ኤ.አ. በ2010 ይህ በሙከራ ሲረጋገጥ ለብዙዎች እንግዳ ነበር፤ በቀጥታ ብታነጣጥር ማሚቶው ይጠነክርላት ነበርና። ምክንያቱን በባትሪ መብራት መረዳት ይቻላል። የባትሪው ብርሃን መሃሉ ላይ እኩል ደማቅ ስለሆነ አንድ ነገር እዚያ ውስጥ ትንሽ ፈቀቅ ቢል ድምቀቱ ብዙም አይለወጥም። ብርሃኑ በሚደበዝዝበት ጠርዝ ላይ ግን ጥቂት ፈቀቅታ ትልቅ ለውጥ ታመጣለች። የሌሊት ወፏም ፍሬውን በሁለቱ የድምፅ ጨረሮች ጠርዝ ላይ ታኖረዋለች። ማሚቶው በመጠኑ ይደክማል፤ በምትኩ ፍሬው የት እንዳለ አጥርታ ትለያለች።

አምፊስቴጂና ዓይን፣ ጆሮ፣ ነርቭ የሚባል ነገር የለውም። ያለው ክር ነው። ከቅርፊቱ አፍ እጅግ ቀጫጭን የሕዋስ ክሮችን ይዘረጋል። ክሮቹ ይከፋፈላሉ፤ ሲገናኙ ደግሞ መልሰው ይዋሓዳሉ፤ በዙሪያው መረብ ይሆናል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ በአንዱ ክር ውስጥ ጥቃቅን ቅንጣቶች ከፊሎቹ ወደ ውጭ፣ ከፊሎቹ ወደ ውስጥ በአንድ ጊዜ ሲሮጡ ይታያል። በዚያው መረብ ይራመዳል፣ ዐለት ላይ ይጣበቃል፣ ምግብ ይይዛል፣ ቆሻሻ ያስወግዳል። የመንገዱ ፍጥነት በሰዓት በሚሊ ሜትር የሚቆጠር ነው። ብርሃንንም ይለያል፤ ለስለስ ወዳለ ብርሃን ይጠጋል፤ ሲበዛበት ወደ ጥላ ይሸሻል።

የሌሊት ወፏ ድምፅ ልካ መልስ ትጠብቃለች፤ ሩቅ ያለውን ሳትነካ ታውቃለች። ለዚህ ግን ጆሮ፣ አንጎልና ምላስ በሚሊ ሰከንድ ተናበው መሥራት አለባቸው። አምፊስቴጂና ከብርሃን በቀር የሚያውቀው የነካውን ወይም በውሃው ሟሙቶ የደረሰበትን ነው፤ ዓለሙ መረቡ እስከደረሰበት ድረስ ብቻ ነው። ቢሆንም እጅን፣ እግርንና አፍን በአንድ ነገር፣ ያለ አዛዥ አካል ያሠራል። እኔ ከሁለቱ ምረጥ ብባል የሚያስደንቀኝ መረቡ ነው። “ዝቅተኛ” የሚለውን ቃል ከመማሪያ ደብተር ማውጣት የሚገባውም ለዚህ ነው።

ምግብና ቤት

የሌሊት ወፏ ፍሬውን አኝካ ጭማቂውን ትመጥጥና ጭረቱን ጨምቃ ትተፋዋለች። ሾላ ሥር ጠዋት ደረቅ ያለ የተጨመቀ ጭረት ተበታትኖ ካገኛችሁ የእሷ ወይም የዘመዶቿ ሥራ ነው። የሾላና የዋርካ ዘር ደቃቅ ስለሆነ ከጭማቂው ጋር ይዋጣል፤ ብዙውን ጊዜ ሰዓት ሳይሞላ ከሩቅ ቦታ በኩሷ ይወጣል። በገደል ስንጥቅ ውስጥ ማንም ሳይተክላት የበቀለች ዋርካ ስታዩ ዘሯን ያደረሰው ወፍ፣ ዝንጀሮ ወይም የሌሊት ወፍ ነው።

አምፊስቴጂና እርሻውን አካሉ ውስጥ ይዟል። በሕዋሱ ውስጥ ዲያቶም የሚባሉ ባለ አንድ ሕዋስ አልጌዎች ይኖራሉ፤ ወርቃማ ቡኒ ቀለሙም ከእነሱ የመጣ ነው። ዲያቶሞቹ በፀሐይ ብርሃን ስኳር ይሠራሉ፤ እሱ መጠለያና ንጥረ ነገር ይሰጣቸዋል። ውሉ የሚፈርሰው ብርሃንና ሙቀት ሲበዛ ነው፤ ያኔ ዲያቶሞቹን ያጣና ይነጣል። የአምፊስቴጂና መንጣት በስፋት የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1991 በፍሎሪዳ ባሕር ላይ ነው። የነጣው ሁሉ ወዲያው አይሞትም፤ ቅርፊቱ ግን እየተሰበረና እየተበላሸ ይሄዳል፤ መራባቱም ይታወካል።

ቅርፊቱን የሚሠራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ በክሮቹ የአዲሱን ጓዳ ቅርጽ ያወጣና ስስ የፕሮቲን ሽፋን ይዘረጋል። የባሕር ውሃ ወደ ሕዋሱ ያስገባል፤ የውሃውን አልካላይነት ከፍ ያደርጋል፤ ያን ጊዜ ካልሲየምና ካርቦኔት ተገናኝተው ካልሳይት ሆነው በሽፋኑ ግራና ቀኝ ይጋገራሉ። እያንዳንዱ ጓዳ ከቀዳሚው ሰፋ ብሎ በጥምዝ ይቀጥላል። ስለዚህ ቅርፊቱ ተቆርጦ ሲታይ ከመሃሉ ትንሿ የመጀመሪያ ጓዳ ተነስቶ ዕድሜውን በሙሉ ማንበብ ይቻላል። አንድ ጥንቃቄ፦ ባለ አንድ ሕዋስ ማለት ባለ አንድ ኒውክለስ ማለት አይደለም። ፎራሚኒፌራ ትውልድ እየተፈራረቀ አንዱ ትውልድ አንድ ኒውክለስ፣ ሌላው ብዙ ኒውክለሶች ይኖሩታል። ፈተና ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው።

በመራባቱ በኩል ልዩነቱ አጭርና ግልጽ ነው። የሌሊት ወፏ አራት ወር ገደማ አርግዛ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ትወልዳለች። አምፊስቴጂና ብዙውን ጊዜ አካሉን በሙሉ ወደ መቶዎች ልጆች ይከፍለዋል፤ የወላጁ ቅርፊት ባዶውን ይቀራል፤ አስከሬን የለም።

የሌሊት ወፏ ቤት አትሠራም፤ ዋሻ ትፈልጋለች። ሁለቱ በአገራችን የሚገናኙትም እዚህ ላይ ነው። በዓባይና በገባሮቹ ሸለቆ፣ በጀማና በወንጪት በኩል ወደ ታች ሲወረድ ከጥቁሩ ዐለት ሥር ነጣ ያለ ወይም ቢጫማ የኖራ ድንጋይ ይወጣል። የዘመነ ጁራሲክ ባሕር የተወው አንታሎ የሚባለው ድንጋይ ነው፤ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ውስጡ የፎራሚኒፌራ ቅርፊት አለበት፤ ከእነዚህ አንዱ ኩርኑቢያ የሚባለው ነው። ያኔ የሌሊት ወፍ የሚባል ፍጡር በምድር ላይ አልነበረም፤ እስካሁን የተገኙት አንጋፋ የሌሊት ወፍ አጽሞች 52 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ናቸው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ደግሞ የእሳተ ገሞራው ባዛልት መጥቶ የወሎን ደጋ ሁሉ አለበሰው። ስለዚህ በኖራ ድንጋይ ዋሻ ጣሪያ ላይ የተንጠለጠለች የሌሊት ወፍ ጥፍሯን የሰካችው ከሞላ ጎደል በባሕር ፍጥረታት ቅርፊት ላይ ነው።

የሌሊት ወፏን ማየት

ሾላ፣ ዋርካ፣ ማንጎና ጳጳያ ያለበትን ቆላና ወይና ደጋ ምረጡ፤ የሐርቡ፣ የመርሳና የባቲ ዓይነቱን አገር። ፍሬው የበሰለበትን ዛፍ በቀን ለዩና ጭረቱን ከሥሩ ፈልጉ። ፀሐይ ከገባች ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በኋላ፣ ከዛፉ 20 ሜትር ያህል ርቃችሁ ሰማዩን ከጀርባው አድርጋችሁ ቁሙ። ባትሪው ላይ ቀይ ላስቲክ አድርጉበት፤ ነጭ ብርሃን ያባርራቸዋል።

ለመለየት ዓይንና ጆሮ ይበቃሉ። ፍሬ በሏ ትልቅ ዓይን፣ ውሻ የመሰለ ፊትና ተራ ጆሮ አላት፤ አፍንጫዋ ላይ ቅጠል የሚመስል ሥጋ የለም። በክንፏ ላይ ከአውራ ጣቷ ሌላ ሁለተኛው ጣቷም ጥፍር አለው። ነፍሳት በሏ ትንሽ ዓይን ያላትና መንገድ መብራት ሥር የምትጠማዘዘዋ ናት። ጆሮዋ ሥር ነጭ የጸጉር ጉንጉን ያላትና ቀን ላይ በቅጠል መሃል የምትንጠለጠለዋ ደግሞ ፍሬ በል ብትሆንም ሌላ ዝርያ ናት። ቀን ዋሻ የምትውለዋና ቲክ ቲክ የምትለዋ ናት የእኛይቱ።

አሁን አጥብቄ የምናገረው ነገር አለ። ዋሻው ውስጥ አትግቡ፤ ከደጁ ሆኖ ማየት በቂ ነው። ይህች ዝርያ ሳትታመም የማርበርግን ቫይረስ ትሸከማለች። እ.ኤ.አ. በ2007 ኡጋንዳ ውስጥ ኪታካ በሚባል የማዕድን ጉድጓድ ሠራተኞች ከታመሙ በኋላ ቫይረሱ ከዚያው ከነበሩ የዚህ ዝርያ የሌሊት ወፎች ተገኝቷል። እኛም አገር በ2025 መጨረሻ ጂንካ ላይ በሽታው ተከስቷል። የዋሻ ኩስ አቧራም ሳንባ የሚጎዳ ፈንገስ ሊይዝ ይችላል። የተነከሰ ፍሬ አትብሉ፤ ልጆችም ከመሬት አንሥተው እንዳይበሉ ንገሯቸው። የወደቀችውን በባዶ እጅ አታንሡ። ከነከሰች ወይም ከቧጨረች ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ አጥባችሁ ያኑኑ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የሚሠራው ምልክት ሳይታይ ሲጀመር ነው። ይህን ሁሉ ስል ይገደሉ ማለቴ አይደለም። ዋሻ በጭስ ማጠን እንስሶቹን ወደ ሌላ ዋሻ ይበትናል፤ ቫይረሱንም አብሮ።

ፎራሚኒፌራውን ማውጣት

መጀመሪያ ድንጋዩን ለዩ። ደሴ ዙሪያ ያለው ጥቁር ድንጋይም ሆነ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉበት ዐለት የእሳተ ገሞራ ውጤት ነው፤ ዕድሜ ልክ ቢፈለግ ፎራሚኒፌራ አይገኝበትም። ከድንጋዩ ስባሪ ላይ አቼቶ ጠብ አድርጉ፤ ከፈላና አረፋ ካወጣ ካርቦኔት አለው። ያቺን ስባሪ ጣሏት፤ ለናሙና አትጠቀሙባት።

በጠንካራ ድንጋዮች መካከል የሚገኘው ለስላሳ፣ ጭቃማ የኖራ ንጣፍ ነው የሚቀለው። 200 ግራም ያህል ወስዳችሁ አድርቁ፤ 1 ሴንቲ ሜትር ወደሚሆን ቁራጭ ሰባብሩ፤ አትውቀጡት፤ ከተወቀጠ ቅርፊቱም አብሮ ይደቃል። አንድ ሊትር ሙቅ ውሃ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና ጥቂት ኦሞ ጨምራችሁ ለ24 ሰዓት ዘፍዝፉት። ማድረቁን የዘለለ ሰው ድንጋዩ ሳይፈርስ ይቀርበታል፤ ውሃው ዘልቆ የሚያፈርሰው ቀዳዳው ባዶ ሲሆን ነውና። ካልፈረሰ እንደገና አድርቃችሁ ድገሙት፤ አብሽሩ፣ ሦስተኛው ላይ የሚፈርስ ድንጋይ ብዙ ነው።

የፈረሰውን 63 ማይክሮሜትር ቀዳዳ ባለው ወንፊት ላይ በቀስታ በሚወርድ ውሃ እጠቡ። ወንፊቱ ከሌለ ቲሸርት አታሚዎች የሚጠቀሙበት፣ በሴንቲ ሜትር 77 ወይም 100 ክር ያለው ጨርቅ በፕላስቲክ ቱቦ አፍ ላይ ተወጥሮ ያገለግላል። ውሃው ጥርት ብሎ እስኪወርድ እጠቡት፤ በጣት አትሹት። የቀረውን ጥላ ውስጥ አድርቃችሁ ጥቁር ወረቀት ላይ ስስ አድርጋችሁ በትኑ። በማይክሮስኮፕ ከ20 እስከ 40 እጥፍ አጉልታችሁ፣ ጫፉ በረጠበ የመጨረሻው ቀጭን የሥዕል ብሩሽ አንድ በአንድ ልቀሙ። አንዱን ናሙና አጥባችሁ ወደ ሌላው ስታልፉ ወንፊቱን ሜቲሊን ብሉ ውስጥ ንከሩት፤ በቀዳዳው የቀረ አሮጌ ቅርፊት ሰማያዊ ሆኖ ይታወቃል። ይህን አለማድረግ የአንዱን ንጣፍ ዕድሜ ለሌላው ያሰጣል።

የማይፈርስ ድንጋይ ከሆነ አንዱን ፊት በብርጭቆ ወረቀት በውሃ ሞርዱት፤ በቁጥር 400 ጀምሮ በ800፣ ከዚያ በ1000። ፊቱን አርጥባችሁ 10 እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ተመልከቱ፤ ስልካችሁን መነጽሩ ላይ ደግፋችሁ ፎቶ ማንሳትም ይቻላል።

አሳሳቹ ነገር ኡኦይድ የሚባለው ክብ የኖራ እንክብል ነው። ሲቆረጥ በላዩ ላይ የተደራረቡ ክብ ቀለበቶች ብቻ ይታያሉ፤ በቀለበቶቹ መካከል ግድግዳ የለም። ፎራሚኒፌራ ግን በግድግዳ የተከፈሉ ጓዳዎች አሉት፤ በጥምዝም እየሰፉ ይሄዳሉ። ድንጋዩ በኋላ ዘመን ዶሎማይት ወደሚባል ሌላ ማዕድን ተለውጦ ከሆነ ደግሞ ጓዳው ሁሉ በክሪስታል ስለጠፋ ቦታ መቀየር ነው የሚሻለው። በቅርጽ መሳት አዲስ አይደለም፤ ከ2,000 ዓመት በፊት ስትራቦ የግብጽን ፒራሚዶች ጎብኝቶ በዙሪያቸው የወዳደቁት ምስር መሳዮች ከግንበኞቹ ምግብ ተርፈው ድንጋይ የሆኑ ናቸው ሲባል ሰምቶ ጽፏል። ኑሙሊቲስ የሚባሉ ትላልቅ ፎራሚኒፌራ ነበሩ።

ከሐይቅ ዳር ጭቃ ወስዳችሁም መሞከር ያምራችሁ ይሆናል። ውሃው ጨዋማ ባሕር አይደለምና ባለ ኖራ ቅርፊት ፎራሚኒፌራ አትጠብቁ። የምታገኙት ኦስትራኮድ የሚባሉ ሁለት ክዳን ያላቸው ደቃቅ እንስሶችንና ዲያቶሞችን ነው። ለኦስትራኮዱ ያው 40 እጥፍ ይበቃል፤ ለዲያቶሙ ግን 400 እጥፍ ያስፈልጋል፤ ጭቃውንም በ63 ማይክሮሜትር ወንፊት አታሳልፉት፣ አብዛኛው ዲያቶም ከውሃው ጋር ሾልኮ ይሄድባችኋል።